በገጠር መኖሪያ ግቢ የፀሐይ ኃይል ማመንጫን በራስ ጥረት ስለ መሥራት

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አካባቢ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

የዝናብ እጥረት በሚደርስበት ዘመን ገበሬው ብዙ ነገር ያጣል። እህሉ በማሳው ላይ ይደርቃል፤ ከብቱ ይከሳል፤ የምንጩ ውኃ ይሸሻል፤ የበግና የበሬ ዋጋ ሲወርድ የእህል ዋጋ ይንራል። በእንዲህ ያለው ክፉ ዘመን የማይጎድል አንድ ሀብት ቢኖር የፀሐይ ብርሃን ነው። ዝናቡን የከለከለ ሰማይ ብርሃኑን አይከለክልም። ይህን ብርሃን ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለውኃ መሳቢያ ለማዋል የሚያስችለው መሣሪያ በተለምዶ «ሶላር» እየተባለ የሚጠራው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሲሆን፣ ዛሬ ከከተማ ሱቅ ተገዝቶ በአህያ ጀርባ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ዕቃ ለመሆን በቅቷል።

ይሁን እንጂ ዕቃው መገኘቱ ብቻውን ጥቅም አያስገኝም። አንድ ቤተሰብ ሁለት በግና አንድ ወይፈን ሽጦ የገዛው ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ቢሞት፣ ቤተሰቡ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን ያኖረውንም ጥሪት አጣ ማለት ነው። ጥሪት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ የሚቀጥለውን ድርቅ ባዶ እጁን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፍላጎቱና አቅሙ ሳይለኩ ዕቃው በመገዛቱ ነው። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአካባቢው የሚገኝ የልማት ሠራተኛ፣ መምህር ወይም እጁ ለሥራ የተፈታ ገበሬ መጠነኛ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለክቶ፣ ገዝቶና ገጣጥሞ ሊያቆም የሚችልበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሁሉ በአንድ መመሪያ ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም ሰሌዳው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ደመና ይለካ፤ ጉድጓዱም በመስከረም ሙላት ሳይሆን በሰኔ ድርቀት ይለካ የሚለው ነው።

1. የሥራው ታሪክ ባጭሩ

የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሲሊከን ሕዋስ ለሥራ የሚበቃ ሆኖ የቀረበው በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) በአሜሪካ በቤል የምርምር ማዕከል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሰው ሠራሽ ሳተላይት ላይ ተገጥሞ አገልግሏል። ለብዙ ዘመን ዋጋው ከገበሬ አቅም ቀርቶ ከመንግሥታትም አቅም የከበደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት ግን የሰሌዳ ዋጋ በዓለም ገበያ በ90 በመቶ ገደማ በመውረዱ ሁኔታው ከሥሩ ተለውጧል።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ወሎ በታላቁ ረኀብ በተመታችበት በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) በመካከለኛው ኢትዮጵያ በምትገኘው የሚቶ መንደር 10.5 ኪሎዋት ኃይል ያለው የፀሐይ ማመንጫ ተተክሎ 300 ለሚሆኑ ቤተሰቦች አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) የመንደሩን የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ አቅሙ ወደ 30 ኪሎዋት ከፍ ተደረገ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በመብራት የተጀመረ ፍላጎት ወደ ውኃና ወደ ወፍጮ ማደጉ አይቀርም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በሰሜን ሸዋ በሬማ መንደር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ትንሽ ሰሌዳ እንዲኖረው በማድረግ የተለየ መንገድ ተሞከረ። በዚያም የጥገና ሠራተኞች በቦታው እንዲሠለጥኑና ተጠቃሚው በየወሩ መጠነኛ ክፍያ እያዋጣ ጥገናው እንዲሸፈን ተደርጓል።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ ሁለት ምክንያቶች ለዚህ ሥራ ልዩ ክብደት ይሰጡታል። አንደኛው፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ባሉት እንደ ውርጌሳ፣ መርሳና ሲሪንቃ ባሉ ሥፍራዎች ቢያልፍም፣ ከመንገዱ ርቀው በተራራው ወገብና በቆላው ላይ ተበትነው የሚኖሩትን ቤተሰቦች ሁሉ ያላዳረሰ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መስመሩ የደረሳቸውም ቢሆኑ በራሳቸው እጅ ያለ ኃይል ምን ያህል እንደሚጠቅም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው የጦርነት ወቅት መብራትና ስልክ በተቋረጠ ጊዜ የተረዱት መሆኑ ነው።

2. የአካባቢው ፀሐይ ጠባይ

በኢትዮጵያ በአንድ ካሬ ሜትር አግዳሚ ቦታ ላይ በቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በዓመት አማካይ 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም ሙሉ ኃይል ያላት ፀሐይ በቀን ለ5.2 ሰዓት እንደበራች ይቆጠራል። ፀሐይ በቀን 12 ሰዓት ብትታይም ጠዋትና ማታ ብርሃኗ ደካማ ስለሆነ ለስሌት የሚያገለግለው ይህ «የሙሉ ፀሐይ ሰዓት» የተባለው ቁጥር ነው። የሀገሪቱ አማካይ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.55 ከፍ ሲል በሐምሌ ወደ 4.55 ይወርዳል። በወሎ ተራሮች ግርጌ የክረምቱ ደመናና የከሰዓት በኋላው የተራራ ጥላ ስለሚጨመርበት በዚህ ጽሑፍ ስሌት የሐምሌ ቁጥር 4 ሰዓት ብቻ ተደርጎ ተወስዷል። መጠንቀቁ ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ያስወጣል፤ አለመጠንቀቁ ግን ባትሪ ያስገድላል።

መርሳና ወልድያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ11 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ እስከ 11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ አካባቢ ይገኛሉ። ከዚህ የተነሣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ በእኩለ ቀን በስተ ደቡብ በኩል ታልፋለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ከአናት አልፋ በስተ ሰሜን ትሆናለች። በጠቅላላው ዓመት ሲታይ ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ቢዘነብል ተስማሚ ነው። ከ10 ዲግሪ ያነሰ ዝንባሌ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዳይወስድ ስለሚያደርግ አይመከርም።

3. የመሣሪያው ክፍሎችና ተግባራቸው

አንድ የቤት ማመንጫ አራት ዋና ክፍሎች አሉት።

ሀ) ሰሌዳ፦ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። በአግባቡ ከተያዘ 25 ዓመት ያህል ያገለግላል።

ለ) የቻርጅ መቆጣጠሪያ፦ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ከመጠን በታች እንዳይራቆት ይጠብቃል። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ ይህን ክፍል መተው ባትሪውን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ሐ) ባትሪ፦ የቀኑን ኃይል ለሌሊት ያኖራል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ በመሆኑ በየሌሊቱ ቢራቆት ፈጥኖ ይሞታል። ስለዚህ ለሶላር ተብሎ የተሠራ ባትሪ መምረጥ ይገባል። የእርሳስና የአሲዱ ዓይነት ዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን ከያዘው ኃይል ግማሹን ብቻ መጠቀም ይበጃል። የሊቲየሙ ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም 80 በመቶውን መጠቀም ይቻላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

መ) ሽቦ፣ ፊውዝና ማብሪያ ማጥፊያ፦ ኃይሉን ከቦታ ቦታ ያደርሳሉ፤ አደጋም ሲደርስ ይቆርጣሉ።

በ12 ቮልት የሚሠሩ አምፖሎች፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስላሉ ለአነስተኛ ቤት ኢንቨርተር የተባለው መሣሪያ አያስፈልግም። ኢንቨርተር ራሱ ኃይል ስለሚበላ ያለ ምክንያት መጨመሩ ብክነት ነው።

4. ፍላጎትን መለካት

ወደ ሱቅ ከመሄድ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ አለ። በቤቱ የሚያገለግለው ዕቃ ሁሉ ይዘርዘር፤ የእያንዳንዱ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ይባዛ። ለምሳሌ በሀብሩ ገጠር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከራሱ መብራት ሌላ ለጎረቤት ሞባይል እየሞላ ጥቂት ገቢ ለማግኘት ቢያስብ ስሌቱ የሚከተለው ይሆናል።

— 4 አምፖሎች እያንዳንዳቸው 5 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 80 ዋት ሰዓት
— 1 ሬዲዮ 5 ዋት፣ ለ6 ሰዓት፦ 30 ዋት ሰዓት
— 1 ትንሽ ቴሌቪዥን 20 ዋት፣ ለ3 ሰዓት፦ 60 ዋት ሰዓት
— 20 ሞባይሎች እያንዳንዳቸው 10 ዋት ሰዓት፦ 200 ዋት ሰዓት
— በቀን ጠቅላላ ፍላጎት፦ 370 ዋት ሰዓት

ኃይሉ በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪው ውስጥ ስለሚባክን ከተመረተው ውስጥ ለሥራ የሚደርሰው 65 በመቶ ያህል ነው ተብሎ ይያዝ። ስለዚህ 370 ለ0.65 ሲካፈል 569 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም በሐምሌው 4 ሰዓት ሲካፈል 142 ዋት ይመጣል። እንግዲህ እያንዳንዳቸው 80 ዋት የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች፣ በድምሩ 160 ዋት፣ ይበቃሉ ማለት ነው። ይህ ስሌት በጥር በ5.5 ሰዓት ቢሠራ ኖሮ 103 ዋት ብቻ በቂ መስሎ ይታይ ነበር። በዚያ መልክ የተገዛ ሰሌዳ በበጋው ወራት እያኮራ ቆይቶ ክረምት ሲገባ ባትሪውን በየሌሊቱ እያራቆተ ይገድለዋል።

ባትሪውን ለመለካት ፀሐይ በደመና ብትሸፈን ቤቱ ለሁለት ቀን ሊቆይ ይገባዋል ብለን እንነሣ። 370 በ2 ሲባዛ 740 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 62 አምፔር ሰዓት ያህል ይመጣል። የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ስለሚጠቀሙበት እጥፉ፣ ማለትም ወደ 125 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ከሆነ ወደ 80 አምፔር ሰዓት ይበቃል።

ስሌቱ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ዋጋ ካመጣ መቀነስ ያለበት ሰሌዳው ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ይቅር፤ የሚሞላው ሞባይል 10 ብቻ ይሁን፤ ከዚያ እንደገና ይሰላ። ፍላጎቱን ሳይቀንሱ ሰሌዳውን መቀነስ በአንድ በሬ ሁለት ጥማድ መሬት ለማረስ እንደ መሞከር ነው።

ግዢው መቼ ይፈጸም የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። በድርቅ ጊዜ የከብት ዋጋ ስለሚወድቅ ለሶላር ተብሎ ከብት መሸጥ ትልቅ ኪሣራ ነው። የተሻለው ጊዜ ምርት ከገባ በኋላ፣ ለዓመቱ ቀለብና ለዘር የሚሆነው ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

5. ሰሌዳዎችን ስለ ማገናኘት

ሁለት ሰሌዳዎች በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ተከታትሎ ሲያያዝ ቮልቱ ይደመራል፤ አምፔሩ እንዳለ ይቆያል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ጎን ለጎን ሲያያዝ ደግሞ አምፔሩ ይደመራል፤ ቮልቱ እንዳለ ይቆያል። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠሩ ሰሌዳዎች በሥራ ላይ 18 ቮልት ገደማ ስለሚሰጡ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የሚስማማው ጎን ለጎን ማያያዝ ነው። አንድ ባለ 80 ዋት ሰሌዳ 4.5 አምፔር ያህል ስለሚሰጥ ሁለቱ በድምሩ 9 አምፔር ይሆናሉ። መቆጣጠሪያው ከዚህ ሩብ ያህል ከፍ ማለት ስላለበት ባለ 15 አምፔር ይመረጣል። ሁለቱ ሰሌዳዎች አንድ ዓይነትና እኩል አቅም ያላቸው ይሁኑ።

ሰሌዳ ሲገዛ በሻጭ ቃል ብቻ መታመን አይገባም። በቀትር ፀሐይ በመልቲሜትር ሲለካ ምንም ሳይያያዝበት 21 ወይም 22 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት። በመሣሪያው የ10 አምፔር መለኪያ ሲፈተሽ ደግሞ በጀርባው ላይ ከተጻፈው የአምፔር ልክ ብዙ ማነስ የለበትም። 80 ዋት ተብሎ ተጽፎበት 2 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ሰሌዳ ጽሑፉ እንጂ ኃይሉ 80 አይደለም።

6. አተካከል

ከሁሉ በፊት ከጥዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይመረጥ። በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እንደ ሰንሰለት ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ በአንዱ ሕዋስ ላይ የወደቀ ጥላ የሌሎቹንም ኃይል ያንቃል። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ የሚያደርሰው ጉዳት ከጥላው ስፋት ይበልጣል። ዛሬ አጭር የሆነ የባሕር ዛፍ ችግኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥላ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታሰብ።

የደቡብን አቅጣጫ ለማግኘት በደልዳላ ቦታ ላይ ቱምቢ ተይዞ ቀጥ ያለ ዘንግ ይተከል። የዘንጉ ጥላ እጅግ አጭር በሆነበት ቅጽበት ያረፈበት መሥመር ሰሜንንና ደቡብን ያሳያል። ይህ ቅጽበት በወልድያና በመርሳ ልክ በ6 ሰዓት ላይ አይውልም። እንደ ወሩ ሁኔታ ከ6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ባለው መካከል ስለሚውል ከሰዓቱ ይልቅ ጥላውን መከተል ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥላው በበጋ ወደ ሰሜን ሲወድቅ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ ይወድቃል። «ሰሌዳው ከጥላው ተቃራኒ ይዙር» ብሎ በግንቦት የተከለ ሰው ሰሌዳውን ወደ ሰሜን ያዞረዋል። ስለዚህ መሥመሩ ከተገኘ በኋላ ፊትን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ መቆም ነው፤ በዚያን ጊዜ ደቡብ በቀኝ እጅ በኩል ይሆናል።

ዝንባሌውን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ሰሌዳው በሚያርፍበት ፍሬም በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት የሰሜኑ ጫፍ ከደቡቡ ጫፍ 26 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 15 ዲግሪ ይሆናል። ከፍታው በውኃ ልክ ይረጋገጥ። ፍሬሙ ከብረት ቢሠራ ይመረጣል። ከእንጨት ከሆነ ምስጥ እንዳያፈርሰው መሬት የሚገባው ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚተከል ከሆነ ብሎኑ ከወራጁ እንጨት ጋር ይያዝ እንጂ በቆርቆሮው ብቻ አይንጠልጠል፤ ነፋስ ሰሌዳውን እንደ ሸራ ይገፋዋልና።

በሰሌዳውና በጣሪያው መካከል 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ሰሌዳ ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይወድም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሚጨምር እያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። በቆላው የሀብሩ ክፍል ሰሌዳው በቀትር 60 ዲግሪ ቢደርስ 14 በመቶ ያህሉ ይባክናል። አየር ከሥሩ ሲነፍስ ይህ ብክነት ይቀንሳል። የብረቱ ፍሬም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር በወፍራም ሽቦ መያያዝ አለበት።

7. ሽቦ፣ ባትሪና ጥንቃቄ

ዝቅተኛ ቮልት ያለው ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ሩቅ መሄድ አይችልም። ሰሌዳዎቹ ከባትሪው 10 ሜትር ቢርቁ ኃይሉ በመሄጃና በመመለሻ 20 ሜትር ሽቦ ያልፋል። 9 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሲያልፍ 1.26 ቮልት፣ ማለትም 7 በመቶ ያህሉ በመንገድ ይቀራል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚቀረው ከ3 በመቶ ያነሰ ነው። ወፍራም ሽቦ መግዛት ካልተቻለ ባትሪውን ወደ ሰሌዳው ማስጠጋት ያው ውጤት ይሰጣል።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ባትሪው ከመቆጣጠሪያው ጋር፣ ቀጥሎ ሰሌዳው፣ በመጨረሻ መብራቱ ይያያዛል። ሲፈታ ደግሞ በተቃራኒው ከመብራቱ ይጀመራል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ላይ ፊውዝ ይግባ። 12 ቮልት ሰውን በኤሌክትሪክ ባይገድልም የባትሪው ሁለት ጫፎች በብረት ቢገናኙ ሽቦውን አግሎ የሣር ክዳኑን ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ሰሌዳዎች ተከታትለው የሚያያዙበት ሥራ ቮልቱ ከፍ ስለሚል ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ አየር ስለሚያወጣ ከምድጃና ከኩራዝ መራቅ፣ ሕፃናት በማይደርሱበትና ነፋሻ በሆነ ሥፍራ በእንጨት መደብ ላይ መቀመጥ አለበት። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራ ውኃ ብቻ ነው፤ የጉድጓድና የምንጭ ውኃ በውስጡ ባለው ማዕድን ባትሪውን ያበላሻል። ለረዥም ሰዓት ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ቢያሳይ ሞልቷል፤ 12.2 ቢያሳይ ግማሽ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚህ በታች ሲሆን መብራት መቀነስ ይገባል። ያረጀ ባትሪ በግቢ መሰበር ወይም መቅለጥ የለበትም፤ እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ ለሚሰበስቡት ነጋዴዎች ይመለስ።

8. ውኃን በፀሐይ ኃይል ስለ መሳብ

መብራት ቤትን ያሻሽላል፤ ውኃ ግን ቤተሰብን በቀዬው ያቆያል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከፍተኛው ክፍል ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍር ሲደረግ ያፈናቀለው የመብራት ማጣት ሳይሆን የዝናብና የእህል ማጣት ነበር። በእጅ ጉድጓድ አጠገብ የሚለማ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የፍራፍሬ መደብ በልጉ ባልጣለበት ዓመት ለቤተሰብ መጠነኛ መቆያ ሊሆን ይችላል።

ለውኃ መሳቢያ ባትሪ አያስፈልግም። ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ፓምፑ ውኃውን ወደ ከፍታ ላይ ወደተቀመጠ ሮቶ ይገፋል፤ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ውኃ ነው። ስሌቱም እንዲህ ነው። በቀን 10,000 ሊትር ውኃ ከጉድጓዱ ጀምሮ እስከ ሮቶው አፍ 15 ሜትር ለማንሣት የሚያስፈልገው ጥሬ ጉልበት 409 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ፓምፑና ቱቦው ከተሰጣቸው ኃይል 35 በመቶውን ብቻ ለሥራ ስለሚያውሉ ፍላጎቱ ወደ 1,170 ዋት ሰዓት ያድጋል። መስኖ የሚያስፈልገው በበጋ ስለሆነ 5 የፀሐይ ሰዓት ይወሰድ፤ አቧራና ሙቀት የሚያስቀሩት አንድ አምስተኛ ሲቀነስ 300 ዋት ሰሌዳ ይበቃል። ተክሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚፈልግ ቢሆንና ከውኃው አንድ አምስተኛው ቢባክን ይህ ውኃ 1,600 ካሬ ሜትር መሬት ያጠጣል።

ነገር ግን ከሰሌዳው በፊት የሚለካው ጉድጓዱ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ፓምፕ ነዳጁ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ባለቤቱን ልጓም ይይዘዋል። የፀሐይ ፓምፕ ግን የዕለት ወጪ ስለሌለው ልጓም የለውም፤ ፀሐይ እስካለች ይስባል። በድርቅ ዘመን ደግሞ ሰማዩ በጠራ መጠን ፓምፑ ይበረታል፤ በዚያው ሰዓት ጉድጓዱ ይደክማል። ጉድጓዱን የሚያደርቀውና የጎረቤትን ምንጭ የሚያሸሸው ይህ የማይገናዘብ ብርታት ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። በልግ በቀረበት ዓመት፣ ቢቻል በሰኔ፣ ማለዳ ላይ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ የውኃው ከፍታ ይለካ። ከዚያ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 100 ጀሪካን፣ ማለትም 2,000 ሊትር ይቀዳ። ውኃው ወደ ቀድሞው ከፍታ እስኪመለስ ያለው ሰዓት ይቆጠር። ለምሳሌ በ6 ሰዓት ከተመለሰ ጉድጓዱ በ24 ሰዓት የሚሰጠው 8,000 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ለቤትና ለከብት የሚሆነው ሲቀነስ 6,000 ሊትር ቢቀር መደቡ 1,600 ሳይሆን 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሁን፤ ሰሌዳውም በዚያው ልክ ይቀነስ። ውኃው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆም መቆጣጠሪያ መግጠምም አስፈላጊ ነው፤ ያለ ውኃ የሚዞር ፓምፕ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

9. እንክብካቤና ባለቤትነት

በበጋ ወራት አቧራ ስለሚበዛ ሰሌዳው በየሳምንቱ ማለዳ፣ ገና ሳይግል፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። በቀትር በጋለ ሰሌዳ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ መስተዋቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። አመድና አሸዋ ስለሚቧጭር ለማጠቢያ አያገለግልም። የሽቦው መያዣዎች በየሦስት ወሩ ይፈተሹ።

ባትሪው ከሰሌዳው ቀድሞ እንደሚያረጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታወቅ። የእርሳስ ባትሪ በደህና አያያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ቀድሞ ለላምባና ለባትሪ ድንጋይ ይወጣ ከነበረው ገንዘብና ሞባይል በመሙላት ከሚገኘው ገቢ ላይ በየወሩ ጥቂት እየተቀነሰ ለሚቀጥለው ባትሪ ቢቀመጥ፣ ወይም ጎረቤታሞች በእቁብ መልክ ቢያዋጡ፣ ቤቱ ዳግመኛ ወደ ኩራዝ አይመለስም። የሬማው ልምድ እንደሚያሳየው የጥገና ገንዘቡና የጥገና እውቀቱ በአንድ መንደር ውስጥ ሊገኙ ይገባል። በየቀበሌው ቢያንስ ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ በመልቲሜትር መለካትንና ፊውዝ መለወጥን ቢማሩ ለትንሽ ብልሽት ወደ ወልድያ መመላለስ ይቀራል።

ማጠቃለያ

የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ድርቅን አያስቀርም፤ እህልም አይሆንም። በልክ ከተሠራ ግን ተማሪው ማታ ያነብበታል፤ ገበሬው የአየር ሁኔታንና የገበያ ዋጋን ይሰማበታል፤ የጓሮው መደብ ዝናብ በዘገየ ጊዜ ይቆይበታል። ቤተሰቡ ሥፍራ ቢለውጥም ከተተከለበት ተፈትቶ አብሮ የሚሄድ ጥሪት ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው ሁለቱ ልኮች ሲጠበቁ ነው፤ ሰሌዳው በሐምሌ፣ ጉድጓዱ በሰኔ ይለካሉ።

ለመልመጃና ለውይይት

1. አንድ ቤተሰብ 3 ባለ 5 ዋት አምፖሎችን ለ4 ሰዓት፣ አንድ ባለ 5 ዋት ሬዲዮን ለ4 ሰዓት ይጠቀማል። በሐምሌ ልክ ምን ያህል ሰሌዳና ምን ያህል የእርሳስ ባትሪ ያስፈልገዋል? (መልስ፦ የቀኑ ፍላጎት 80 ዋት ሰዓት፤ ሰሌዳ 31 ዋት ያህል፤ ባትሪ 27 አምፔር ሰዓት ያህል።)

2. በአንድ የእጅ ጉድጓድ 50 ጀሪካን ተቀድቶ ውኃው በ5 ሰዓት ተመለሰ። ጉድጓዱ በ24 ሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል? (መልስ፦ 4,800 ሊትር።) ለቤትና ለከብት 1,800 ሊትር ቢወጣ ስንት ካሬ ሜትር መደብ ሊጠጣ ይችላል? (መልስ፦ ወደ 480 ካሬ ሜትር።)

3. ሦስት ጎረቤታሞች ከአንድ የውኃ ሥር የሚጠጡ ሦስት ጉድጓዶች አሏቸው። አንደኛው የፀሐይ ፓምፕ ለመግጠም ቢነሣ ከመግዛቱ በፊት ከሁለቱ ጋር ሊስማማባቸው የሚገቡ ነገሮች ምን ምን ናቸው? በቀበሌው ስብሰባ ተወያዩበት።